የገብስ ሻይ ቀለም ያለው ሐይቅ

ኦክቶበር 2 ቀን 2000፣ ሰኞ

የጀልባው አኒሜሽን ፊልም ቀለም ዛሬ ተጀመረ። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት አሮጊት ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በጀልባ ስታሻግር ኖራለች። አሁን በሐይቁ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ሊመረቅ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን መንገደኞች ታሻግራለች። በቃ። የስቱዲዮው ኃላፊ ዶሞቶ ይህን በተረከ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርራል። በታሪኩ ይሁን በማስረከቢያው ቀን አላውቅም።

ቀለሙን የሚያወጡት መምህር ሺዮባራ ናቸው። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። "ከዚህ በኋላ ሌላ አልሠራም፤ ይኼ የመጨረሻዬ ነው" አሉ በስብሰባው ላይ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ኧረ ይተዉ፣ መምህር!" አልን። እንዲህ ማለት ደንብ ነው። እሳቸውም እንደ ደንቡ ሳቁ።

የኔ ሥራ ያው ነው። እሳቸው የመረጡትን ቀለም ተቀብዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ስዕል ሁሉ ላይ በትክክል መግባቱን አያለሁ። ማዕረጌ የቀለም መርማሪ ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ "ፖሊስ ነገር ናት" ትላለች።

ኦክቶበር 6

ሩጫ። ከፎቃችን በታች ያለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ማሞቂያውን ቀይሮ ወለላችን ይግላል። ኮምፒውተሮቹ ታመሙ። መስኮት ከፍተን በማራገቢያ ስናራግብላቸው ዋልን። የመልክዓ ምድር ሠዓሊዋ ኢናባ "ለባሌ እንዲህ አድርጌለት አላውቅም" አለች። መምህር የገብስ ሻያቸውን በጠርሙስ ይዘው መጡ። ቀዝቅዞ የሚጠጣ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሙቀቱ ወራት ሲያልፍ ይተወዋል፤ እሳቸው በበረዶም ይጠጡታል።

ኦክቶበር 11፣ ረቡዕ

ሐይቁን ዛሬ አሳዩን።

ሁላችንም ከስክሪኑ ኋላ ቆምን። መምህር ቁልፉን ተጫኑ፤ የንጋቱ ሐይቅ ወጣ። ቡናማ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ፣ ልክ ጠረጴዛው ላይ እንዳለው የገብስ ሻይ። ሰማዩም እንዲሁ። የአሮጊቷ ነጭ መጎናጸፊያ የቆየ ጋዜጣ መስሏል።

ከታች የመታጠቢያ ቤቱ ባልዲዎች ሲንኳኩ ይሰማ ነበር። መምህር ዞር ብለው አንድ በአንድ አዩን። በመጨረሻ ዶሞቶ ጉሮሮውን ጠርጎ "ጥልቀት አለው" አለ። እኛም "አዎ፣ ጥልቀት አለው" አልን። መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ እንደ መደሰት ያለ ነገር አየሁ፤ አንጀቴን በላው።

ደረጃው ላይ ኢናባ እጄን ያዘችኝ።

"ዓይናቸው ነው" አለች። "የዓይን ሞራ። ከአባቴ አውቀዋለሁ እኮ። ነጭ ሸሚዙን ለምን አላጠብሽውም እያለ እናቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነዘንዛት ኖረ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ የቆሸሸው ዓይኑ ነው።"

"ማን ይንገራቸው?" አልኳት።

"አንቺ ነሻ መርማሪዋ።"

ኦክቶበር 13

አልነገርኳቸውም። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።

ኦክቶበር 17

ሰኞም አልነገርኳቸውም። ትናንት ሥራ በዝቶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ደስ ብሏቸው ስለነበር። ለሁለቱም ምክንያት አላጣሁም።

ያየሁትን ግን ልጻፈው። መምህር ስክሪናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረውታል። በመስኮቱ በኩል ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ የሚያልፈው ትንሽ ወንዝ ይታያል። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ወንዙን ለረጅም ጊዜ ያያሉ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው ስክሪኑን ያያሉ፤ ቀለሙን ትንሽ ይነካሉ። ከዚያ እንደገና ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ምስኪን! የሚያይላቸውን ዓይን እየፈለጉ ነው።

ምሳ ላይ ሩዛቸውን በመብያ እንጨቶቻቸው አንስተው አሳዩኝ።

"ማኪሴ፣ ይኼ ላንቺ ምን ዓይነት ነጭ ነው?"

"ነጭ ነው፣ መምህር።"

"ተራ ነጭ?"

"ተራ ነጭ።"

"አየሽ፣ ነጭ ሲባል ስንት ዓይነት አለ!" አሉና በደስታ በሉት። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዓይንም እንደዚያው ነው መሰለኝ።

ኦክቶበር 22፣ እሁድ

ከቤት አልወጣሁም። ልብስ አጠብኩ፣ እናቴ የላከችውን ካኪ የሚባል ቴምር የሚመስል የደረቀ ፍሬ በላሁ፣ ከዚያ ስለሳቸው ከማሰብ ሌላ ሥራ አጣሁ።

ስቱዲዮአችን ሚናሞ ሲከፈት እኔ አልነበርኩም። ታሪኩ ግን በየዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ ስለሚነገር የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ። ሟቹ መሥራች ይህን ፎቅ በርካሽ ተከራዩ፤ የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ወረቀት ስለሚያጣምም የስዕል ሰው ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አልነበራቸውም። ባንዲት ኮምፒውተር ለማስታወቂያ የሚሽከረከሩ ፊደላት ይሠሩ ነበር። ሙሉ አኒሜሽን በኮምፒውተር ይቀባል ብሎ የሚያስብ ሰው በኦጊኩቦ ሰፈር አልነበረም።

መምህርና እኔ ያኔ ሌላ ስቱዲዮ ነበርን። ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በብሩሽ እንቀባለን፤ ጥፍራችን ሥር የገባው ቀለም ለሳምንት አይለቅም። አንድ ቀን መምህር ብሩሻቸውን አጥበው፣ ጠቅልለው፣ "ወደ ሚናሞ ልሄድ ነው" አሉ። የሥራው ዓለም ሁሉ ሳቀባቸው። "ሺዮባራ ቴሌቪዥን ሊቀባ ሄደ!" ተባለ። እኔ ተከተልኳቸው። የሳቁት ሁሉ ዛሬ ቴሌቪዥን ነው የሚቀቡት።

መጀመሪያ ላይ የሠራነው ሁሉ አስቀያሚ ነበር። የሰው ፊት እንደ ላስቲክ አሻንጉሊት ያብለጨልጫል። ማሽኑ ጥላ አያውቅም። መምህር ተቀምጠው አስተማሩት፤ ሕፃን ልጅ ማንኪያ እንደሚያስይዙ ያህል በትዕግሥት። የሚናሞ ሥራ በጥላው ይታወቃል ሲባል የሳቸው ጥላ ማለት ነው።

ከብሩሹ ዘመን የቀሩንን የቀለም ጠርሙሶች ልንጥል ወደ ታች ያወረድን ዕለት መምህር አንዱን ሰማያዊ ለይተው ኪሳቸው ከተቱት። "ይኼ ማሽኑ ውስጥ አለ?" አሉኝ። "በሚሊዮን የሚቆጠር ሰማያዊ አለ፣ መምህር" ብላቸው "አንዱን እኮ ነው የጠየቅኩሽ" አሉኝ።

እና እኚህ ሰው ናቸው ዛሬ ውኃን ከሻይ መለየት ያቃታቸው። እኔ ደግሞ ቀለም ተሳስቷል እንድል ደመወዝ እየተከፈለኝ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኦክቶበር 30

ሰማንያ ያህል ትዕይንት ተቀብቷል። ቀትሩ ማር ነው። ማታው የተቃጠለ ስኳር ነው። ዶሞቶ ሁሉንም "ጥልቀት አለው" ይላል። ኢናባ "በዚህ ጥልቀት እንሰጥማለን" አለችኝ በጆሮዬ።

ኖቬምበር 3

የፊልሙ ባለገንዘቦች መጥተው አዩ። መምህር ፊት "እጅግ የሚገርም ነው" አሉ። ደረጃው ላይ አንደኛው ዶሞቶን "ውኃው ታሟል እንዴ?" ሲለው ሰማሁ። ዶሞቶ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ሰውዬው ጫማውን አድርጎ ሲወጣም አልተነሣም።

ኖቬምበር 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ሊሆን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መምህር ጠርሙሳቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው፣ ሻዩን እያዩ፣ ድንገት ወደኔ ዞሩ።

"ማኪሴ፣ ልትጠይቂኝ የምትፈልጊው ነገር አለ?"

አፌን ከፈትኩ። እኚህ ሰው ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩኝ ናቸው። የመጀመሪያ ሥራዬን አበላሽቼ ስደበቅ "ቀለም የሚያበላሽ ሰው ቀለም የሚነካ ሰው ብቻ ነው" ያሉኝ ናቸው። "መምህር፣ አያዩም" ብዬ ልበላቸው?

"የለም፣ መምህር" አልኩ።

ዓይኔን አዩኝ። ጠበቁ። "ገብቶሻል ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ፣ መምህር።"

"ከሌሎቹ ቀድመሽ አንቺ እንደሚገባሽ አውቅ ነበር። አሮጊት ስትሆኚ ደግሞ ይበልጥ ይገባሻል።"

ፈገግ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለ ዓይናቸው ማወቄን አውቀዋል፤ ዝም በማለቴ አመሰገኑኝ። ከፍዬ የማልጨርሰው ውለታ የዋሉልኝ መሰለኝ። እንዲህ ባለው ጊዜ ዝምታ ወርቅ ነው። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ?

እንግዲያው ለምን እንቅልፍ እምቢ አለኝ?

ኖቬምበር 16

ኢናባ "ነገርሻቸው?" አለችኝ። "ያውቃሉ" አልኳት። "ካወቁ ለምን አያስተካክሉም?" አለች። "ሰው ያውቃል፣ ግን አያምንም" አልኩ። ያልኩት ነገር ለራሴም አልገባኝ።

ኖቬምበር 24፣ ዓርብ

የመጨረሻው ቀለም ወጣ። መምህር ተነሥተው ጎንበስ ብለው አመሰገኑንና እንዲህ አሉ፦

"ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ግራ ዓይኔ ላይ ሞራ አለ፤ ይወጣል። ሐኪሙ ካለፈው ጸደይ ጀምሮ ሲቆጣኝ ነበር። ሥራዬን እስክጨርስ ነው ያቆየሁት። የቀረውን ለናንተ ትቻለሁ።"

ሁላችንም አጨበጨብን። ዶሞቶ አለቀሰ። እኔም። ነገሩ በራሳቸው አፍ ስለወጣ ከባድ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። ሥራዬን እስክጨርስ አሉ። ለምን ከሥራቸው ዓይናቸውን አላስቀደሙም? ፈሩ ይሆናል። እኔም ብሆን ቢላዋ ወደ ዓይኔ አላስጠጋም።

ኖቬምበር 28

ዶሞቶ ወደ ታች ጠራኝ። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ካለው ማሽን ትኩስ የበቆሎ ሾርባ በቆርቆሮ ገዝቶ ሰጠኝ። እሱ ሾርባ ሲገዛ ነገር አለ።

"ማኪሴ፣ መምህር ሆስፒታል ናቸው።"

"አውቃለሁ።"

"ዓይናቸው ሲድን ፊልሙን ያዩታል። የሠሩትን በደህና ዓይን ሲያዩት ምን ይሰማቸዋል?"

ከሾርባው ተጎነጨሁ።

"ያፍራሉ" አለ። "የአርባ ዓመት ስማቸው በመጨረሻው ሥራ…" አልጨረሰውም። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። "ቀለሙን ቀይሪው፤ በጣም ሳይሆን ትንሽ። ሐይቁ ሐይቅ እንዲመስል ብቻ። ማንም አይነካውም ካንቺ በስተቀር፤ እጅሽ የሳቸው እጅ ነው። ለሳቸው ክብር ነው።"

"እሳቸውን ብንጠይቃቸውስ?"

"ታመው የተኙትን ሰው?" አለ ደንግጦ። እውነቱን ነው። እኔም ገና ከአፌ ሲወጣ አፍሬበታለሁ። ሾርባውን ጨረስኩት። ከሥር የቀረችው አንዲት የበቆሎ ፍሬ አልወጣ አለችኝ።

ዲሴምበር 4፣ ሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። የተቆረጠ አበባ ይዤ፤ ሥር ያለው አበባ በሽታውን ሥር ያሰድዳል ስለሚባል ለበሽተኛ አይወሰድም። መምህር ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተኝተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፉሚኤ ኮሪደር ላይ ሸኙኝ። እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ" አሉ። "እሱ መናገር አይወድም። ቤት ሲመጣ ግን በየቀኑ ይኼንኑ ነው የሚለኝ፤ ምንም ሳይጠይቁኝ ተረዱኝ፣ አንዱም አልተቃወመኝ። እንዲህ ተደስቶ አይቼው አላውቅም።"

ስለ ትዕግሥታችን እያመሰገኑን ነው። በእግሬ እስከ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። አዎ፣ ለክብራቸው ነው። እንዳያፍሩ ነው። ደጋግሜ አልኩት።

ዲሴምበር 6

ቀለሙን መቀየር ጀመርኩ። መጀመሪያ ንጋቱን።

ዲሴምበር 8

ንጋቱ አለቀ። ሰማያዊ። በዓይኔ ነው የማደርገው፤ አንዱን ትዕይንት ከሌላው እያስማማሁ፣ የነበረውን ቀለም ቁጥር ሳልጽፍ። ለመጻፍ ጊዜ የት አለ? ኢናባ መጥታ አየች፤ "ተመስገን! ውኃ መሰለ" አለች። ከኋላዬ ሁሉም ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁ።

ዲሴምበር 12

ማሽኑ ሞላ። አዲሱ እንዲቀመጥ አሮጌው መጥፋት አለበት። ዶሞቶ "አጥፊው፣ ምን ያደርጋል" አለ። አጠፋሁ። ድሮ ተሳስተን የቀባነው ፕላስቲክ ቢያንስ ቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን አንድ ቁልፍ ነው።

ዲሴምበር 13

ቀትር። ማታ። መጎናጸፊያዋ ነጣ። ደክሞኛል።

ስሠራ አንድ የማይመች ነገር አየሁ። አሮጊቷ መቅዘፊያዋን አስቀምጣ ውኃውን የምታይበት ትዕይንት አለ። በቡናማው ላይ ሳለች ውኃውን የምታውቀው ትመስል ነበር። አሁን ሰማያዊው ላይ ስትጎነበስ የሌላ ሰው ሐይቅ ላይ የተገኘች ትመስላለች። ዓይኔ ስለለመደው ይሆናል። አለፍኩት።

ዲሴምበር 20

ፊልሙ ለሕትመት ሄደ። ሁሉም ተቃቀፈ።

ዶሞቶ እንደገና ሾርባ ገዛልኝ። ማርች ላይ ሚናሞ ይዘጋል አለኝ። አንድ ትልቅ ድርጅት ስሙንና ማሽኖቹን ይወስዳል፤ ማሽኖቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መታጠቢያ ቤቱም ይፈርሳል።

"ለመምህር ገና አልነገርናቸውም" አለ። "ዓይናቸው እስኪድን… አንቺም እባክሽ።"

"ሆድ ይፍጀው" አልኩ። ሆዴ ስንቱን ይፍጅ?

ዲሴምበር 26፣ ማክሰኞ

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ዛሬ ጠዋት ሠራተኛው ብቻ የሚያይበት የመጀመሪያ ማሳያ ነበር። ትንሽ የኪራይ አዳራሽ። መምህር ከባለቤታቸው ጋር መጡ፤ ፋሻው ወልቋል፤ ፊታቸው ወጣት መስሏል። መካከል ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ሆንኩ። ንጋቱ ሲወጣ ጀርባቸውን አየሁ። አልተንቀሳቀሱም። ጥቂት ቆይተው ግራ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ቀኙን። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቆዩ።

መብራት ሲበራ ተነሥተው ዞሩ። ጎንበስ አሉ። "ሁላችሁም ደክማችኋል። በጣም የሚያምር ሐይቅ ነው" አሉ። ተጨበጨበ። ዶሞቶ እፎይ ብሎ አየኝ።

ሰው ሲወጣ "ማኪሴ፣ አንቺ ቆዪ" አሉኝ።

"ሐይቁን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ፣ መምህር።"

"አውቄዋለሁ። እጅሽን ከየትም አውቀዋለሁ። ለምን ነካሽው?"

"ዓይንዎ…"

"ዓይኔ ምን?"

"ሞራው። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም አወቅን። እንዳናሳፍርዎ ብለን ዝም አልን።"

መምህር አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከግማሽ መንገድ ተመለሰ።

"የታመመው ግራው ብቻ ነበር እኮ፣ ማኪሴ። ቀኙ ልክ እንዳንቺ ነው የሚያየው።"

አልገባኝም።

"አሮጊቷ ስንት ዓመቷ ነው?" አሉኝ እንደ ተማሪ። "ሰማንያ። የሰማንያ ዓመት ዓይን ውኃን እንዴት እንደሚያይ በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐኪሙ ይውጣልህ ሲለኝ ቆይ አልኩት፤ እንዲህ ያለ ዓይን አንዴ ነው የሚገኘው። በግራዬ ወንዙን አያለሁ፤ ያየሁትን በቀኜ ስክሪኑ ላይ እፈልገዋለሁ። ሰው ሁሉ አሮጊቷን ያያታል፤ እኔ በሷ ዓይን እንዲያይ ፈልጌ ነበር።"

መስኮቱ፣ መዳፋቸው፣ ሩዙ። ሁሉም ፊቴ ላይ ነበር። ዓይኔን ግንባር አድርጎት ነበር ማለት ነው።

"ለምን አልነገሩንም፣ መምህር?"

"ማንም አልጠየቀኝ" አሉ። "ዞሬ አንድ በአንድ አየኋችሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም። የሚጠይቅ ያልገባው ነው። ሁሉም ገብቷቸዋል ብዬ… እንዴት ያሉ ሰዎች አፈራሁ ብዬ ቤቴ ሄጄ ለፉሚኤ ነገርኳት።"

መሬት ተንበርክኬ ግንባሬን ወለሉ ላይ አደረግሁ። መምህር ክንዴን ይዘው አነሡኝ፤ ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ተንቋቋ። "አንቺ ለክብሬ ብለሽ፣ እኔ ለክብራችሁ ብዬ" አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ መልሱን የፈሩት ይመስል፦ "መመለስ ይቻላል?"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ሲነቅዝ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

ዲሴምበር 28

የዓመቱ መጨረሻ ጽዳት ነው። ሌላው ሰው መስኮት ይወለውላል፣ እኔ ማሽኑ ላይ ነኝ። የሲኒማ ቤቶቹ ቅጂ እየታተመ ስለሆነ የሚመለስ ነገር የለም። ዶሞቶ ስነግረው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁጭ አለ፤ "ጥልቀት አለው ብዬ ነበር እኮ" አለ ብቻ። ለሳቸው ግን አንዲት ትዕይንት ልመልስላቸው። አንዲት ብቻ። የቀለሙ ቁጥር የለኝም። አሮጌው ጠፍቷል። የገብስ ሻይ በብርጭቆ ቀድቼ ስክሪኑ አጠገብ አስቀመጥኩና ከትዝታዬ መቅዳት ጀመርኩ። የጠላሁት ቀለም ስለነበር በደንብ አላየሁትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መምህር መጡ። አሳየኋቸው። ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ግራውን ሸፈኑ፣ መስኮቱን አዩ።

"አሁን ሁለቱም አንድ ናቸው" አሉ። "ይኼ ነው ወይም አይደለም ልልሽ አልችልም። ያየው ዓይን ወጥቶ ተጥሏል። ከኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

አላውቀውም። ግን "ትንሽ ቢደምቅ ይሻላል?" አልኳቸው። "ይሻል ይሆናል" አሉኝ። ሁለታችንም ያልነበረ ነገር እያስተካከልን እስኪመሽ ቆየን። መጥረጊያውን ይዛ ያለፈችው ኢናባ አየችን፤ ምንም አላለችም። እሷ እንኳ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2001፣ ረቡዕ

ለአዲስ ዓመት ሰላምታ ቤታቸው ሄድኩ። ወይዘሮ ፉሚኤ የሩዝ ኬክ ያለበት ሾርባ አቀረቡልኝ። መምህር ጥሩውን የባህል ልብሳቸውን ኪሞኖ ለብሰዋል። ያኔ ኪሳቸው የከተቱት ሰማያዊ የቀለም ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ነው፤ ውስጡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አላነሣንም። ስለ ብርዱ አወራን። ልነሣ ስል መምህር አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

"ደግሞ የምሥራች አለ። ሐኪሙ የቀኙም ጀምሯል አለኝ።"

"መምህር!"

"ምን ያስደነግጥሻል? ሦስት አራት ዓመት ቢቆይ ይበስላል። ያኔ ሐይቁን እንደገና እንሠራዋለን፤ በግራው ፋንታ በቀኙ። ስዕሎቹን ጠብቂልኝ፣ እሺ?"

ማርች ላይ ስዕሎቹ እንደሚጠፉ አውቃለሁ። ማሽኑም ፎቁም እንደማይኖር አውቃለሁ። በእነዚህ ሦስት ወራት ከተማርኩ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታ እንደሚነቅዝ። አፌን ከፈትኩ።

"እጠብቃለሁ፣ መምህር" አልኩ።

"ጎበዝ" አሉኝ።

ወይዘሮ ፉሚኤ እስከ በር ሸኙኝ። ጫማዬን ሳደርግ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ስቱዲዮው ሲዘጋ የት ልትገቢ አሰብሽ? ዶሞቶ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ከነገረው ጀምሮ እሱ ሐሳቡ አንቺ ላይ ነው።"

ያውቁ ነበር። ስዕሎቹን ጠብቂልኝ ሲሉ ያውቁ ነበር።

እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ሄድኩ። ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወይስ ሊፈትኑኝ? ወይስ በእውነት የቀረች ነገር ትኖራለች ብለው ተስፋ አድርገው? አሁንም ከዝምታቸው ላይ መልስ እየለቀምኩ እንደሆነ ሳውቅ እግሬ ቆመ። ሮጬ ተመለስኩ። ደወሉን ደወልኩ። ላቤ ብርዱን አልፎ ወጥቶ ነበር።

ወይዘሮ ፉሚኤ ከፈቱ። "ምን ረሳሽ፣ ልጄ?"

"መምህርን አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር።"

"አሁን የዓይን ጠብታውን አድርጌለት ጋደም አለ። ልቀስቅሰው?"

ከኋላቸው በተንሸራታቹ በር ክፍተት መምህርን ሁለት ዓይናቸውን ጨፍነው በጀርባቸው ተኝተው አየኋቸው። የተኙ አይመስሉም ነበር።

"አይ፣ አይቀስቅሷቸው" አልኩ። "ምንም አይደለም።"